በፍጥነት ለሚያድግ የመሐል ከተማ ክፍል የትራንስፖርት ፕላን ሲሠራ ከምን መጀመር አለበት?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በአንድ ከተማ የፕላን መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። በአሁኑ ጊዜ የተሰጠኝ ኃላፊነት በፍጥነት እያደገ ላለ አንድ የመሐል ከተማ ክፍል የትራፊክና የትራንስፖርት ፕላን ማዘጋጀት ነው። አካባቢው ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች የነበሩበት ሲሆን፣ ዛሬ ቢሮን፣ ሆቴልንና መኖሪያን ያጣመሩ ረጃጅም ሕንፃዎች በመንገዶቹ ግራና ቀኝ እየተነሡ ናቸው። የግንባታ ፈቃድ ወስደው ገና ያልተጀመሩት ብቻ ቢደመሩ፣ የወለል ስፋታቸው ዛሬ አገልግሎት ከሚሰጡት ሕንፃዎች ሁሉ ይበልጣል።

አማካሪው ድርጅት ያቀረበው ረቂቅ ሦስት ነገሮችን ይዟል፦ በአካባቢው መሐል የሚያልፈው ዋና መንገድ በየአቅጣጫው ከሁለት መስመር ወደ ሦስት እንዲሰፋ፣ በጣም በሚጨናነቀው መስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪና ተሻጋሪ ድልድይ እንዲሠራ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ አዲስ ሕንፃ በወለል ስፋቱ ልክ ከተወሰነ ቁጥር ያላነሰ የመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ። መንገዱን ለማስፋት አሁን 4 ሜትር የሆነው የእግረኛ መንገድ ወደ 2 ሜትር ይጠባል፤ በዳሩ ያሉት ዛፎችም ይቆረጣሉ።

ረቂቁን ከመፈረሜ በፊት በሥራ መግቢያ ሰዓት በመስቀለኛው መንገድ ጥግ ላይ ቆሜ አንድ ሰዓት ያህል ተመለከትሁ። በአንድ አረንጓዴ መብራት ከአንዱ መስመር 14 መኪኖች አለፉ፤ በ11ዱ ውስጥ ከአሽከርካሪው በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ከኋላቸው ሰው እስከ በሩ የሞላበት አውቶቡስ ቆሞ ነበር፤ ማለፍ የቻለውም በሦስተኛው አረንጓዴ ነው። በእግረኛ መንገዱ ላይ ደግሞ የግንባታ አጥርና የመብራት ምሰሶ ያጠበቡትን ቦታ ለማለፍ ሰዎች ወደ አስፋልቱ ይወርዱ ነበር። አንዲት እናት የሕፃን ጋሪዋን ከጠርዙ ድንጋይ ላይ አንሥታ ስታወርድ፣ ከኋላዋ የመጣው መኪና ጡሩምባውን ሲያሰማባት አይቻለሁ። ወደ ቢሮ ተመልሼ የረቂቁን የቆጠራ ሰንጠረዥ ስገልጥ፣ ያ አውቶቡስ እንደ ሁለት መኪና ተቆጥሯል፤ እግረኞቹ ግን በሰንጠረዡ ውስጥ ጨርሶ የሉም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እንዲህ ላለ አካባቢ ፕላን ሲሠራ መነሻው ምን መሆን አለበት? የረቂቁን ሦስት ሐሳቦች ለመቃወምም ሆነ ለመደገፍ የሚያስችል፣ ለውሳኔ ሰጪዎች በግልጽ ሊቀርብ የሚችል ማስረጃ ምንድን ነው?

የመጀመሪያ መልስ

ለብዙ ዓመታት በከተማ ፕላን ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ከመንገዱ በፊት ሕንፃዎቹን እንዲያሰሉ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ጉዞውን የሚፈጥሩት እነርሱ ናቸው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ በአንድ ወረቀት ላይ ይሠራል።

100,000 ካሬ ሜትር የቢሮ ወለል እንውሰድ። ለአንድ ሠራተኛ በአማካይ 15 ካሬ ሜትር ቢደርሰው፣ በዚያ ወለል ላይ ወደ 6,700 ሰዎች ይሠራሉ ማለት ነው። ግማሾቹ በመኪና ቢመጡና በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ በአማካይ 1.3 ሰው ቢኖር፣ 2,600 ያህል መኪኖች ይሆናሉ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተከፋፍለው ቢገቡ እንኳ በየሰዓቱ 1,300 ናቸው። በሌላ በኩል አንድ የመኪና መስመር ያለማቋረጥ አረንጓዴ ቢበራለት በሰዓት 1,800 ያህል መኪና ያሳልፋል፤ መብራቱ ግን ለሌላውም አቅጣጫ መብራት ስላለበት፣ ከጊዜው ግማሹን ቢያገኝ 900 ብቻ ይቀረዋል። እንግዲህ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት፣ የእግረኛው መንገድ ተቆርሶ የሚጨመረው ሦስተኛ መስመር፣ የአንድ 100,000 ካሬ ሜትር ልማት ሠራተኞችን እንኳ ማስተናገድ አይችልም። ፈቃድ የወሰዱት ሕንፃዎች ስንት 100,000 ካሬ ሜትር እንደሚሆኑ እርስዎ ያውቃሉ።

ያው መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ቢሰጥና በየደቂቃው 60 ሰው የያዘ አንድ አውቶቡስ ቢያልፍበት፣ በሰዓት 3,600 ሰው ያደርሳል። በመኪና ተሞልቶ ግን 900 መኪና በ1.3 ሲባዛ 1,170 ሰው ብቻ ነው። በሰንጠረዡ ላይ አውቶቡሱ እንደ ሁለት መኪና መቆጠሩ ይህን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ይሰውረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራውን በሰው ብዛት እንደገና ማካሄድ ነው።

መንገድን ማስፋት መጨናነቅን እንደማያስወግድ የሚያሳየው ማስረጃ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንቶኒ ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1962 በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚታየው መጨናነቅ ወደ ተጨመረው የመንገድ አቅም ልክ ተመልሶ እንደሚያድግ ጽፏል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዢል ዱራንቶንና ማቲው ተርነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ከተሞች መኪኖች የሚጓዙት ርቀት ከተጨመረው የመንገድ ርዝመት ጋር በተመሳሳይ መጠን እንደሚጨምር አሳይተዋል። በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ የሚገኘው ኬቲ ፍሪዌይ የተባለው ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2008 ተስፋፍቶ በሰፊው ቦታው እስከ 26 መስመር ደርሶ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በሥራ መውጫ ሰዓት በእርሱ ላይ የሚደረገው ጉዞ እንደገና ረዝሟል። ሰው ሰፊ መንገድ ሲያይ ቀድሞ ያልነበረውን ጉዞ ይጀምራል፣ ሰዓቱን ይቀይራል፣ ከአውቶቡስ ወደ መኪና ይዞራል፤ ይህም ከሰው ባሕርይ የሚመጣ ስለሆነ በሌሎች ከተሞችም ይጠበቃል።

ከሦስቱ ሐሳቦች ሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው፣ ማለትም የመኪና ማቆሚያው ነው። መንገድ ቀለሙ ተቀይሮ ለሌላ አገልግሎት ሊውል ይችላል፤ ቤዝመንት ውስጥ የተሠራ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለና ወለሉ ያዘነበለ የመኪና ማቆሚያ ግን ሕንፃው እስከሚኖርበት ዘመን ድረስ ከመኪና ማቆሚያነት በቀር ለምንም አይሆንም። አንድ መኪና ለማቆም መተላለፊያው ሲጨመር ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ባለቤቱ በሥራ ጠረጴዛው ላይ የሚይዘው ቦታ 15 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ መኪናው ከእርሱ ይልቅ እጥፍ ቦታ ይይዛል ማለት ነው። ደንቡ ይህን ሲያስገድድ ሕንፃውን ያስወድደዋል፤ ከዚያም የተዘጋጀው ቦታ በየቀኑ በመኪና ይሞላል፤ መኪኖቹም በዚያው መንገድ ገብተው በዚያው መንገድ ይወጣሉ። በዝቅተኛው ቁጥር ምትክ ከፍተኛ ወሰን ይደንገግ። የስዊዘርላንዷ የዙሪክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 በደረሰችበት ስምምነት በመሐል ከተማዋ ያለው የመኪና ማቆሚያ ብዛት በ1990 ከነበረበት እንዳይበልጥ ወስና ነበር፤ አዲስ ማቆሚያ በሕንፃ ውስጥ ሲሠራ በዚያው ልክ ከመንገድ ላይ ይነሣ ነበር። የተነሣውም ቦታ ለእግረኛና ለአደባባይ ይውል ነበር።

ወሰኑ ከተደነገገ በኋላ የሚፈቀደው ማቆሚያ ከመሬት በላይ፣ ወለሉ ጠፍጣፋና ጣሪያው ከፍ ያለ ሆኖ ቢሠራ፣ ወደፊት ወደ ቢሮ ወይም ወደ መኖሪያ ሊቀየር ይችላል። መግቢያውም በዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን በኋለኛው መንገድ ይሁን፤ እያንዳንዱ መግቢያ የእግረኛውን መንገድ የሚቆርጥ ጉዳይ ነውና።

ሁለተኛ መልስ

የትራፊክ መብራት መሐንዲስ ነኝ፤ ስለ ተሻጋሪው ድልድይና ስለ መስቀለኛው መንገድ ብቻ እናገራለሁ።

ድልድዩ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለውን ወረፋ ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል። በዋና መንገድ ላይ የተከታታይ መስቀለኛ መንገዶችን አቅም የሚወስነው ከሁሉም ጠባቡ ነው፤ አንዱን ቢያሰፉ መኪኖቹ ቀድመው ደርሰው ቀጥሎ ባለው ላይ ይቆማሉ። ከዚህም በላይ የድልድዩ መውጫና መውረጃ ብዙ ሜትር ርዝመት ስላለው፣ በዚያ ርዝመት ሁሉ ግራና ቀኝ ያሉ ሕንፃዎች በር ከመንገዱ ይቆረጣል፤ መሐል ከተማ ደግሞ ያለ በሮቹ መሐል ከተማ ሊባል አይችልም። የሴኡል ከተማ በመሐሏ ያልፍ የነበረውን ቾንግዬቾን የተባለውን፣ በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2003 ማፍረስ ጀምራ በ2005 ከሥሩ የነበረውን ወንዝ ገልጣ ለሕዝብ ከፍታለች፤ በመሐሉ፣ በ2004፣ የአውቶቡስ አገልግሎቷን ከሥር መሠረቱ አሻሽላ ለአውቶቡስ የተለዩ መስመሮችን ዘርግታለች። በቀን ከ100,000 በላይ ተሽከርካሪ የሚያስተናግድ መንገድ ሲነሣ ይደርሳል ተብሎ የተፈራው መዘጋት አልደረሰም።

አሁን ስላለው መብራት። የጠቅላላውን ዑደት ርዝመት፣ ማለትም መብራቱ ከአንድ አረንጓዴ እስከሚቀጥለው አረንጓዴ የሚወስደውን ጊዜ፣ ይለኩ። ብዙ ጊዜ መጨናነቅ ሲበዛ ዑደቱ ወደ 150 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ይህም የመኪናን ፍሰት በጥቂቱ ሲያሻሽል እግረኛውን ከአንድ ደቂቃ በላይ ያቆመዋል። ከ30 ሰከንድ በላይ የቆመ እግረኛ ትዕግሥቱ እያለቀ በቀይ መሻገር ይጀምራል፤ የመገጨት አደጋውም ያኔ ይጨምራል። ዑደቱን ወደ 90 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ያውርዱት። መሻገሪያው 20 ሜትር ቢሆን በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው 17 ሰከንድ ይፈልጋል፤ በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት ግን 25 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል። መንገዱ ሁለት መስመር ሲጨመርበት መሻገሪያው ወደ 27 ሜትር ይደርሳል፤ ለአዛውንቱ የሚያስፈልገው ጊዜ 34 ሰከንድ ይሆናል፤ ያንን ጊዜ ከመኪናው አረንጓዴ ላይ ሲቀንሱት፣ ሦስተኛው መስመር ያመጣዋል የተባለው ጥቅም አብዛኛው እዚያው ያልቃል። ይህን ስሌት አማካሪው ድርጅት እንዲሠራው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ፌርማታውም ከመብራቱ በፊት ከሆነ ከመብራቱ በኋላ ወዳለው ቦታ ያዛውሩት። ከመብራቱ በፊት ያለ ፌርማታ ላይ አውቶቡሱ አረንጓዴ በርቶ ሳለ ሰው ይጭናል፤ ጭኖ ሲጨርስ ቀይ ይሆንበታል። ይህ የአንድ ቀን የቀለምና የምልክት ሥራ ነው።

ሦስተኛ መልስ

በአንድ የዕቃ ማከፋፈያ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ነኝ። ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ነገሮች ግን አልተነሡም።

አንደኛ፣ ጭነት። ያ ሁሉ ሕንፃ ወረቀት፣ ውሃ፣ ምግብ፣ የቤት ዕቃ ይገባበታል፤ ቆሻሻም ይወጣበታል። ቀደም ሲል በሠራሁበት ከተማ በአንድ መንገድ ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መስመር በቀለም ተሠምሮ ነበር። መስመሩን የነደፉት ሰዎች ለጭነት ማውረጃ የሚሆን አንድም ቦታ ስላልተዉልን፣ ሾፌሮቻችን ይህንኑ የአውቶቡስ መስመር ይዘው ዕቃ ያወርዱ ነበር። እኔ በተቆጣጠርሁበት አንድ ጠዋት በአንድ ሕንፃ በር ብቻ 9 የጭነት መኪኖች ተራ በተራ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቷል፤ አውቶቡሶቹም እየወጡ እየገቡ ከመኪናው ጋር ይጋፉ ነበር። ሾፌሮቹን መቅጣት ቀላል ነው፤ የት ያውርዱ የሚለውን ግን የመለሰ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ በአውቶቡስ ሂዱ የሚባለው ሕዝብ በቂ አውቶቡስ አለው ወይ? ማቆሚያውን ዛሬ ከልክሎ አውቶቡሱን ነገ አመጣለሁ ማለት ሠራተኛውን ማጉላላት ነው። በዚያ መንገድ ከሚያልፈው መኪና ውስጥ ደግሞ ብዙው ወደ አካባቢው የሚገባ ሳይሆን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ለማቋረጥ የሚጠቀምበት ይመስለኛል፤ እርሱ የት ይሂድ?

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የስምሪት ኃላፊው ያነሡት ጥያቄ በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ላይ በእርግጥ የሚነሣ ነው። ለዚህ አጥጋቢ መልስ ካልያዝሁ ረቂቁ እንዳለ ይጸድቃል ብዬ እሰጋለሁ።

የመጀመሪያው መላሽ በድጋሚ

የስምሪት ኃላፊው ትክክል ናቸው፤ ጭነቱን እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ ማንሣት ነበረብኝ። መልሱ ከማቆሚያው ደንብ ጋር ይያያዛል። ለአዲስ ሕንፃ ፈቃድ ሲሰጥ የመኪና ማቆሚያ ሳይሆን የጭነት ማውረጃ ግዴታ ይሁን፤ ትልልቆቹ ሕንፃዎች በኋለኛው መንገድ በኩል የጭነት መኪና ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ቦታ ይኑራቸው። ለነባሮቹ ደግሞ በየመንገዱ መገናኛ አቅራቢያ፣ በጎን መንገዱ ላይ፣ አሁን መኪና ቀኑን ሙሉ ከሚቆምበት ቦታ ጥቂቱን ወስዶ ለ20 ደቂቃ ብቻ የሚፈቀድ ማውረጃ ማድረግ ይበቃል። በአንድ የቆመ መኪና ምትክ በዚያው ቦታ በቀን ከ20 በላይ የጭነት መኪኖች ሊስተናገዱ ይችላሉ።

ስለ አውቶቡሱ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት ያሉትን ማፍጠን ይቀድማል። አንድ የአውቶቡስ ጉዞ ደርሶ መልስ 60 ደቂቃ የሚወስድ ሆኖ 10 አውቶቡሶች ቢኖሩት፣ በየ6 ደቂቃው አንድ ይመጣል። ለአውቶቡስ በተለየ የመንገድ መስመር፣ በፌርማታው መዛወርና ሰው ሁሉ በሁሉም በር እንዲገባ በማድረግ ደርሶ መልሱ ወደ 45 ደቂቃ ቢወርድ፣ እነዚያው 10 አውቶቡሶች በየ4 ደቂቃ ተኩሉ ይመጣሉ። አንድም አውቶቡስና አንድም ሾፌር ሳይጨመር በሰዓት የሚሰጠው ጉዞ ከ10 ወደ 13 ከፍ ይላል። ለውሳኔ ሰጪዎች ይህን ስሌት ያሳዩአቸው፤ እኔ በተካፈልሁባቸው ስብሰባዎች ከየትኛውም የኮምፒውተር ሞዴል ይልቅ ይህ ተሰሚነት አግኝቷል።

አቋርጦ የሚያልፈውን መኪና በተመለከተ፣ የኔዘርላንዷ የግሮኒንገን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1977 መሐል ከተማዋን በአራት ክፍል ከፍላ፣ መኪና ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በቀጥታ እንዳይሻገር፣ በዙሪያው ባለው መንገድ ወጥቶ እንዲገባ አድርጋለች። የቤልጂየሟ የጌንት ከተማም እ.ኤ.አ. በ2017 ተመሳሳይ ዕቅድ ሥራ ላይ አውላለች። ወደየትኛውም ክፍል በመኪና መድረስ ይቻላል፤ አምቡላንስና አውቶቡስ ያልፋሉ፤ ዋናው ክልከላ በመሐል ማቋረጡ ነው። ግን ይህ የሚሠራው ዙሪያውን የሚወስድ መንገድ ካለ ነው። በእናንተ ዘንድ ከሌለ፣ ለድልድዩ የታሰበው ገንዘብ የተቆራረጡትን የዳር መንገዶች ለማገናኘት ቢውል ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ሊሞላ ሲቃረብ መዘግየቱ ከመኪናው ብዛት በላይ በፍጥነት ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥቂት መኪና ሲቀንስም መዘግየቱ በብዙ ይቀንሳል። ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2006 ለሰባት ወር ያህል ወደ መሐል ከተማ ለሚገባና ለሚወጣ መኪና ክፍያ ስትሞክር፣ መኪናው የቀነሰው በ20 በመቶ ገደማ ሲሆን ወረፋው የቀነሰው ግን ከዚያ በሚበልጥ መጠን ነው። ከሙከራው በፊት አብዛኛው ነዋሪ ይቃወም ነበር፤ ካየው በኋላ በሕዝበ ውሳኔ ደግፎት ከ2007 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። አውቶቡሶቹ የተጨመሩት ክፍያው ከመጀመሩ በፊት እንደነበረም ልብ ይበሉ። የስምሪት ኃላፊው ያሉት ቅደም ተከተል እዚያም ተጠብቋል። እናንተም የአውቶቡስ መስመሩን በቀለምና በተንቀሳቃሽ ምሰሶ ለስድስት ወር ሞክሩት፤ ካልሠራ የሚነሣ መሆኑን አስቀድማችሁ አስታውቁ።

የጠያቂው ምላሽ

ወሰንሁ። ረቂቁን አልፈርምም፤ ይልቁንም ውሳኔው ለሁለት ወር እንዲዘገይና ቆጠራው በሰው ብዛት እንዲደገም በጽሑፍ እጠይቃለሁ። የእግረኛው መንገድ 4 ሜትር ስፋቱን እንደያዘ እንዲቆይ፣ በረቂቁ የታሰበው የማቆሚያ ዝቅተኛ ቁጥርም ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ በአዲስ ፈቃድ ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን አቀርባለሁ። በየቀኑ የሚሰጠው ፈቃድ ከፕላኑ ቀድሞ የሚሄድ ስለሆነ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ አስቸኳይ መስሎ ታይቶኛል። ለቆጠራው ስድስት ሰዎች ተመድበውልኛል።

ሁለተኛው መላሽ በድጋሚ

ስድስት ሰዎች ለአንድ መስቀለኛ መንገድ ይበቃሉ። በሳምንቱ መካከል ባሉት ሦስት ቀናት፣ ትምህርት ቤት ባልተዘጋበት ጊዜ ቁጠሩ። ሁለቱ መኪኖችን ከነተሳፋሪዎቻቸው ይመዝግቡ፤ አንዱ አውቶቡሶቹን ባዶ፣ ወንበሩ የሞላ፣ ቆመው የሚሄዱበት፣ እስከ በሩ የሞላ በሚል በአራት ደረጃ ይለይ፤ ሁለቱ በእያንዳንዱ ዳር እግረኞችን ይቁጠሩ። ስድስተኛው ሰው ምንም አይቁጠር፤ ሰዓት ይዞ አንድ እግረኛ ከጠርዙ ድንጋይ እስኪነሣ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም፣ ስንቱም በቀይ እንደሚሻገር ይጻፍ።